የጥርኝ መጸዳጃ ቦታን ማጥናት፦ ለጅማ ቡና ደኖች የመስክ መመሪያ

ጥርኝ ሲነሳ በጅማ አካባቢ ብዙው ሰው የሚያስበው ዝባዱን ነው። ደንን ለሚያጠና ሰው ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ዓይነ ምድሩ ነው። ጥርኝ በሌሊት ይወጣል፤ ፍሬም፣ ነፍሳትም፣ አይጥም፣ ጥንብም ይበላል፤ ዓይነ ምድሩንም እየተመላለሰ አንድ ቦታ ላይ ይከምራል። እንስሳውን ሳይዙና ሳያስጨንቁ ምን እንደበላ፣ የየትኛውን ተክል ዘር የት እንዳደረሰ ማወቅ የሚቻለው በዚህ ልማዱ ምክንያት ነው። ወጪው አነስተኛ በመሆኑ ለመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ ለወረዳ ባለሙያ የሚመች ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ብዙው ጥናት ዘሩን ቆጥሮ እዚያው ይቆማል። ለደኑ የሚበጀው ጥያቄ ዘሩ ከወደቀ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ስለሆነ፣ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከዚያ ድረስ አቅዱት።

ከመግባታችሁ በፊት

እንደ በለጠ-ጌራ ባለ የመንግሥት ደን ውስጥ ለመሥራት የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚያ በተጨማሪ የቀበሌው አስተዳደርና የደን ጥበቃ ማኅበሩ ማወቅ አለባቸው። የሚረሳው ሦስተኛው ነው፦ የቡናው ባለይዞታ። ደን ውስጥ ያለ ቡና ባለቤት አለው። በጥቅምትና በኅዳር፣ ቀይ እሸት ዛፍ ላይ እያለ፣ ሳይነገረው በማሳው ውስጥ ከረጢት ይዞ የሚዞር ሰው ሌባ ቢመስለው አይፈረድበትም። ስለዚህ ከአካባቢው አንድ መሪ ያዙ፤ ጥያቄውንም በአፋን ኦሮሞ ይጠይቅላችሁ። ገበሬው መጸዳጃዎቹን ብዙ ጊዜ ያውቃቸዋል፤ አንድ ከሰዓት አብሮ መዞር የብዙ ቀን ፍለጋ ይተካል።

እነዚህን ያዙ፦ የላስቲክ ጓንት፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ካኪ ፖስታ፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ ወይም ካሊፐር፣ ጂፒኤስ፣ 50 ሜትር ሜትሮ፣ የቀርከሃ ስንጥሮች። እስክሪብቶ አይሁን፤ ጠዋት በጤዛ የራሰ ፖስታ ላይ ቀለሙ ይፈሳል፣ ናሙናውም ስም አልባ ይሆናል። በላስቲክ ከረጢት የታሰረ ናሙና በጅማ እርጥበት ቶሎ ይሻግታል።

ፍለጋው

ገበሬው የሚያሳያችሁ መጸዳጃዎች ለአመጋገብ ጥናት በቂ ናቸው። በየትኛው የደን ዓይነት እንደሚበዙ ለማነጻጸር ግን አይሆኑም፤ ሰው የሚያውቀው መንገድ ዳር ያለውን ነውና። ለንጽጽር የቅኝት መስመር ዘርጉ፦ ርዝመቱ 500 ሜትር፣ ግራና ቀኙ 10 10 ሜትር። ይህ ልክ 1 ሄክታር ስለሚሆን ስሌቱ ይቀላል። በተፈጥሮ ደን፣ በቡና ደን፣ በእርሻ ጠርዝ፣ ካለም በባሕር ዛፍ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ 6 መስመር ይኑር። የመስመሮቹን መነሻ ቢሮ ሆናችሁ ካርታ ላይ በዕጣ ምረጡ። መስክ ላይ ከተመረጠ እግር ወደሚመቸው ይሄዳል።

ያገኛችሁት በእርግጥ የጥርኝ መሆኑን አጣሩ። የጥርኝ ወፈር ያለ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ፤ አዲስና አሮጌ ተደራርቦ ይገኛል፤ ሙሉ የፍሬ ዘር፣ ሣርና የሺ እግር ቀለበቶች አብረው ይታዩበታል። እነዚያ ጠንካራ ቀለበቶች ጥሩ ምልክት ናቸው፤ ሺ እግርን ደፍሮ የሚበላ ብዙ አይደለም። የሸለምጥማጥ ቀጠን ይላል፣ ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ ላይም ይጣላል። ጅብም በአንድ ቦታ ይከምራል፤ የእሱ ግን ከአጥንት የተነሣ ሲደርቅ ይነጣል። ዝንጀሮም እሸት ቡና ስለሚበላ የቡና ፍሬ መኖሩ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ዱካ ካለ ጥፍሩን እዩ፦ የጥርኝ ጥፍር እርጥብ አፈር ላይ ይታተማል፣ የሸለምጥማጥ አብዛኛውን ጊዜ አይታተምም። ካልለየላችሁ «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉና ከስሌቱ አውጡት።

ቦታውን ስትመዘግቡ ሁለት ነገር በተደጋጋሚ ያሳስታል። አንደኛው ካርታው ነው። የቆዩት የአገራችን ቶፖግራፊ ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም (የካርታ ነጥቦች በሚለኩበት የመነሻ ሥርዓት) የተሠሩ ናቸው፤ ስልክና ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በተባለ ሌላ ዳተም ይሠራሉ። ሳይቀይሩ አንዱን በሌላው ላይ መጣል ነጥቡን ከ200 ሜትር በላይ ያዛውረዋል፤ የደን ውስጥ መጸዳጃ ካርታው ላይ እርሻ ውስጥ ይገኛል። ነጥብን በሜትር በሚያስቀምጠው የዩቲኤም ሥርዓት፣ ጅማ ከተማ በዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናት፤ ወደ መቱ አቅጣጫ 36 ዲግሪ ኬንትሮስን ካለፋችሁ ዞኑ 36 ይሆናል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ካሜራ ትራፕ (እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ) 19:00 ብሎ የሚመዘግበው በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ቅጹ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ ቀኑም በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር።

ቦታውን መልሳችሁ የምታገኙበትን ምልክት መጸዳጃው ላይ አትትከሉ። 5 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ዛፍ ላይ አድርጉና አቅጣጫውን በኮምፓስ ያዙ።

ናሙና አወሳሰድ

በየ14 ቀኑ መመለስ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ያለው ክምር ዕድሜው ስለማይታወቅ ለወቅት ንጽጽር አይውልም። በእያንዳንዱ ቁራሽ አጠገብ የቀርከሃ ስንጥር ሰክታችሁ ሂዱ፤ በሚቀጥለው ጉብኝት ስንጥር የሌለው ሁሉ ከ14 ቀን ያነሰ ዕድሜ አለው። ከአዲሱ ግማሹን ብቻ ውሰዱ። ክምሩ የሽታ ምልክት ጭምር ስለሆነ፣ ተጠርጎ ከተወሰደ እንስሳው ቦታ ሊቀይር ይችላል፣ ጥናቱም ያበቃል።

በክረምት ቁጥሩ ሲቀንስ ጥርኙ ቀነሰ ብላችሁ አትደምድሙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ያፈራርሰዋል፣ ጥንዚዛውም ቶሎ ይቀብረዋል። የመበስበሱን ፍጥነት ለመለካት በየወቅቱ ትኩስ ቁራሾችን ምልክት አድርጋችሁ በየ2 ቀኑ ተመልከቱ፤ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሳይታወቅ የክረምትና የበጋ ቁጥር አይነጻጸርም።

የደረቀውን በእጅ አታፍርሱ። የጥገኛ ትላትል እንቁላል በአቧራው ሊተነፈስና ሊዋጥ ይችላል። መጀመሪያ አርጥቡት።

አጠባና መለየት

ናሙናውን ዕለቱን የምታጥቡት ከሆነ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ1 ሰዓት ያህል ዘፍዝፉ። ከዚያ ሁለት ወንፊት ደርቡ፦ ከላይ 2 ሚሊ ሜትር፣ ከታች 0.5 ሚሊ ሜትር። የታችኛውን ለመተው ማንም ይፈተናል። የሾላና የዋርካ ዘር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በላይኛው ያልፋል፤ የታችኛው ከሌለ «ጥርኝ ሾላ አይበላም» የሚል ሐሰተኛ ውጤት ይወጣል። እጣቢውን ከምንጭ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ድፉት።

ላይኛው ወንፊት ላይ የቀረውን ነጭ ሰሃን ላይ ገልብጣችሁ በወረንጦ ለዩ። የቡናው ፍሬ ሥጋው ተገፎ ከነገለፈቱ፣ የሺ እግር ቀለበት ጥቁርና የሚያብረቀርቅ፣ ሣሩ ደግሞ ሳይፈጭ ተጠቅልሎ ይወጣል። ቡናውን ቆጥራችሁ ለ2 ስታካፍሉ የተበላው እሸት ዝቅተኛ ግምት ይገኛል። ሺ እግርን በቀለበት አትቁጠሩ፤ አንዱ ብዙ ቀለበት ስላለው በጭንቅላት ቁጥር ይያዝ። ፀጉር ሲገኝ መስታወት ላይ ስስ የጥፍር ቀለም ቀቡ፣ ፀጉሩን አስተኙበት፣ ሲደርቅ አንሡት። የቀረውን አሻራ በማይክሮስኮፕ ካወቃችኋቸው እንስሳት ፀጉር ጋር አስተያዩ።

ለዘርም የማነጻጸሪያ ስብስብ ያስፈልጋል። ከየዛፉ ሥር የበሰለ ፍሬ እየለቀማችሁ፣ ዘሩን አጥባችሁ፣ ከእነ አካባቢ ስሙ አስቀምጡ፦ ዋንዛ፣ ዶቅማ፣ ሾላ፣ ዘንባባ፣ እንጆሪ። ሰሳና ብርብራ እንደ ባቄላ የቆባ ፍሬ ያላቸው ስለሆኑ ከዚህ መንገድ ብዙ አትጠብቁባቸው። የቡናው ዋና ጥላ ዛፎች ስለሆኑ ግን መቅረታቸው ራሱ መመዝገብ ያለበት ነገር ነው።

ክብደት ለመውሰድ ቅሪቱን በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ48 ሰዓት ማድረቅ ይቻላል። የሚበቅለውን ዘር ግን አስቀድማችሁ አውጡ። የቡና ዘር በምድጃ ሙቀት ይሞታል፤ ከመጠን በላይ ሲደርቅም የመብቀል አቅሙን ያጣል።

የብቅለት ሙከራ

ሦስት መደብ ያስፈልጋል፦ ከዓይነ ምድር የወጣ፣ በእጅ ተገፎ የታጠበ፣ እሸቱ ሳይገፈፍ የተዘራ። ለእያንዳንዱ 25 ዘር በ4 ድግግሞሽ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የሚሆነው ፍሬ ከዚያው ደን ይለቀም፤ ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ዝርያ ከሆነ ልዩነቱ ከጥርኙ ይሁን ከዝርያው አይታወቅም። 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ዝሩ፣ ሣር ጎዝጉዙ፣ ዳስ ሥሩ፣ በሳምንት አንዴ ቁጠሩ። ቡና ለመብቀል 2 ወርና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ስለሚችል አትቸኩሉ፤ ለ4 ተከታታይ ሳምንት አዲስ ካልወጣ አቁሙ። ያልበቀለውን ቁረጡና እዩ፦ ጠንካራና ነጣ ያለው አልሞተም፣ ቡናማና ልፍስፍስ ያለው ሞቷል። በእጅ የተገፈፈው ከጥርኙ እኩል ከበቀለ፣ የጥርኙ ጥቅም ሥጋውን መግፈፉና ዘሩን ማራቁ ነው ማለት ነው።

ዘሩ ከወደቀ በኋላ

እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። በመጸዳጃው ጠርዝ 2 በ2 ሜትር ፕሎት (የመቁጠሪያ መደብ) አስምሩ፤ ከእሱ 15 ሜትር ርቃችሁ፣ ተመሳሳይ ጥላ ባለበት፣ ሁለተኛ ፕሎት አስምሩ። ከ1 ሜትር በታች ያለውን ችግኝ ሁሉ በዝርያ ቁጠሩ፤ እያንዳንዱንም በቀጭን ሽቦ ምልክት አድርጉ። ቆጠራው የቡናው ሥር ምንጣሮ ከመደረጉ በፊት አንዴ፣ ከተመነጠረ በኋላ ደግሞ ሌላ ይሁን። ምንጣሮው ብዙውን ጊዜ ከለቀማው በፊት ስለሚካሄድ ቀኑን ከባለይዞታው ጠይቁ። በተፈጥሮ ደኑና በቡናው ውስጥ የወደቀው ዘር ተቀራራቢ ሆኖ ችግኙ ከምንጣሮ በኋላ ከጠፋ፣ ደኑን የሚያስረጀው የእንስሳ እጥረት ሳይሆን ገጀራው ነው። መፍትሔውም በእጅ ያለ ነው፦ ገበሬው በየማሳው የሚተዋቸውን የዋንዛና የዶቅማ ችግኞች ከመመንጠሩ በፊት በቀለም ክር መለየት።

ስሌቱ ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት ከአንድ መጸዳጃ የመጡ 30 ቁራሾችን እንደ 30 የተለያዩ ናሙናዎች መቁጠር ነው። ሁሉም የአንድ እንስሳ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ እንደ አንድ ናሙና የሚቆጠረው መጸዳጃው ይሁን፣ ወይም በስታቲስቲክስ ሞዴሉ ውስጥ መጸዳጃው እንደ ራንደም ኢፌክት (ከአንድ ቦታ የመጡ ናሙናዎች መመሳሰልን የሚያስታርቅ የስሌት ክፍል) ይግባ። ድግግሞሽ በመቶኛ ሲሰላ፣ ለምሳሌ ከ40 ናሙና 26ቱ ቡና ካላቸው 65 በመቶ ነው፤ ይህ ግን ከምግቡ 65 በመቶው ቡና ነው ማለት አይደለም። ሥጋና ለስላሳ ትል ተፈጭተው ስለሚጠፉ ሁልጊዜ ከእውነታው ያነሱ ይመስላሉ።

ውጤቱን ለቀበሌውና ለደን ማኅበሩ በአፋን ኦሮሞ አቅርቡ፤ የትኛው ችግኝ የት እንደበዛ በመንደር ደረጃ ይነገር። የመጸዳጃዎቹን ትክክለኛ ነጥብ ግን በሪፖርትም፣ በካርታም፣ በፎቶ ፋይል ውስጥ በተደበቀ የቦታ መረጃም አታውጡ። ለዝባድ ጥርኝ የሚያጠምድ ሰው የሚፈልገው እንስሳው ሌሊት ሌሊት የሚመለስበትን ቦታ ነው። ለኅትመት በ10 ኪሎ ሜትር የተጠጋጋ ነጥብ ይበቃል፤ ዋናው መዝገብ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጥ።