የሸክላ ዕቃ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የድሮ ማድ ቤት አምሮዎት ደሴ ገበያ ሸክላ ሊገዙ ሲወጡ፣ ግማሹን ችግር ሻጯ ፊት ማስቀረት ይቻላል። ዕቃውን በአንድ እጅ አንጠልጥለው በጣትዎ አንጓ ያንኳኩት። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለበት። የሚያብለጨልጭ ቀለም የተቀባውን ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ይሹት፤ ቀለሙ ከለቀቀ ለመደርደሪያ እንጂ ለወጥ አይሆንም።

እንጀራው ምጣዱ ላይ ይጣበቃል። መጀመሪያ ሙቀቱን ይፈትሹ፤ ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት እየተንጫጫ ወዲያው ካልደረቀ ምጣዱ ገና አልጋለም። ግሎም የሚጣበቅ ከሆነ ወዙን አጥቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወዙን የሚያጠፋው ደግሞ ሳሙና ነው። ያ ጥቁር ገጽ ቆሻሻ የመሰላቸው ሰዎች ፈትገው ሲያነጡት ሳይ እናደዳለሁ፤ ሸክላው ላይ የተቃጠለ የጎመን ዘር ቅባት እኮ ነው፣ እንጀራውን የሚያስለቅቀውም እሱ ነው።

መፍትሄው እንደ አዲስ ማሟሸት ነው። ምጣዱን በቀስታ አግለው የተወቀጠ ጎመን ዘር ይበትኑበት፤ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ እያዞሩ ይሹት። መጀመሪያ ይጨሳል፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ ሲደጋገም ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ጠርዙን አይርሱ፤ እንጀራ መቀደድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድም ሸክላው ያው ስለሆነ አያያዙ አይለይም፤ ብቻ ውሃ አያፍስሱበት።

አዲሱ ድስት ያልበዋል። ላብና ፍሳሽ ይለያያሉ። ውጪው በሙሉ ከረጠበ ቀዳዳዎቹ ገና አልተደፈኑም፤ ቀጭን የዱቄት ሙቅ በለስላሳ እሳት አፍልተው ውስጡ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ውሃው በአንድ መስመር ብቻ ከወጣ ግን ስንጥቅ ነውና አይድከሙ፤ አበባ ይትከሉበት።

ወጡ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሸክላው ሳሙናውን ጠጥቶታል። ንጹሕ ውሃ እያፈሉ ይድፉ፣ ሽታው እስኪጠፋ ይደጋግሙ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያውሉት። ከእንግዲህ ለብ ያለ ውሃና የእንጨት ማንኪያ ይበቃዋል፤ የያዘው ቅባት ከሆነ የተነፋ አመድ ይጨምሩ።

ባቄላው ሳይበስል ሥሩ ያርራል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳት ቢጨምሩበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ባቄላውን ከዋዜማው ይዘፍዝፉ፣ ድስቱን ይክደኑ፣ እሳቱን ይቀንሱ። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ነገሩ ትንሽ ይቀልላል።

ድስቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። የጋለ ድስት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ተጨምሯል፣ ወይም ከእሳት እንደወረደ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል። ይህ መድኃኒት የለውም። ለሚቀጥለው የድስት ማስቀመጫ ማቶት ያዘጋጁ፤ ውሃ ሲጎድል የሞቀ ይጨምሩ፤ የጋዝ ምድጃ ከሆነም ነበልባሉ አንድ ቦታ እንዳይመታው ከድስቱ ሥር ጠፍጣፋ ብረት ጣል ያድርጉ።

ጀበናው ይሻግታል። በተለይ በክረምት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል። ምክንያቱ አተላው ውስጥ ማደሩ ነው። ጠጠር ጨውና ሙቅ ውሃ ጨምረው አፉን ይዘው ይነቅንቁት፣ ያለቅልቁት፣ ንጹሕ ውሃ አፍልተው ይድፉ፤ ከዚያ አፉን ዘቅዝቀው ምድጃ አጠገብ ያድርቁት። ውታፉንም ለብቻው አጥበው ያድርቁ፤ ሽታው እሱ ላይ መቅረት ይወዳል።

የቡና መቁያው ብረት ምጣድ ከዛገ ቀላል ነው፦ በአሸዋ ፈትገው ያጥቡት፣ እሳት ላይ ያድርቁት፣ በስሱ ዘይት ቀብተው እስኪጨስ ያግሉት። አረንጓዴ ያወጣ የመዳብ ዕቃም በሎሚና በጨው ይጸዳል፤ ውስጡ የተለበጠው ቆርቆሮ ከተላጠ ግን ቲማቲምም ሆነ ሌላ ጎምዛዛ ነገር አይብሰልበት።