ፒላቲስን በቤት ውስጥ እንዴት እንጀምር?

ፒላቲስ የሚባለውን የሰውነት እንቅስቃሴ ለመጀመር ጂም መመዝገብም ሆነ ማሽን መግዛት የግድ አይደለም። ወለል ላይ የሚነጠፍ ወፈር ያለ ምንጣፍና ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከባዱ ነገር አለመቸኮል ነው።

ስያሜው የሰው ስም ነው። ጆሴፍ ፒላቲስ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ሕመም ያጠቃው ስለነበር ሰውነቱን ለማጠንከር ያልሞከረው የስፖርት ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እንግሊዝ አገር ነበርና፣ ጀርመናዊ በመሆኑ ታሰረ። ምንጣፍ ላይ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ያዳበረው እዚያው እስር ቤት ነው። በ1920ዎቹ ኒውዮርክ ገብቶ ከሕይወት አጋሩ ከክላራ ጋር ማሠልጠኛ ከፈተ። ዘዴውን «ኮንትሮሎጂ» ይለው ነበር፤ ነገሩ ሰውነትን መቆጣጠር ነው።

የምትቆጣጠሩት ደግሞ ከላይ የማይታዩትን ጡንቻዎች ነው። ሆድን እንደ መቀነት ዞሮ የያዘውን፣ አከርካሪን ተከትለው የተደረደሩትን፣ ከዳሌ ሥር ያሉትን። እነዚህ ሲጠነክሩ ወገብ ይደገፋል፣ አቋቋም ይስተካከላል፣ ሚዛን መጠበቅ ይቀላል። የቆየ የወገብ ሕመም ላለባቸው ብዙ ሰዎችም እፎይታ ይሰጣል። ክብደት ለመቀነስ ብቻ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ብቻውን ብዙ ካሎሪ አያቃጥልም። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ጨምሩበት።

እርጉዝ ከሆናችሁ፣ አጥንታችሁ ከሳሳ፣ የአከርካሪ ዲስክ ችግር ካለባችሁ ወይም በቅርቡ ኦፕራሲዮን ከሆናችሁ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።

1. አተኛኘት። በጀርባ ተኙ። ጉልበት ይታጠፍ፣ እግሮች በዳሌ ስፋት ልክ ይራራቁ። ወገባችሁ ሥር ትንሽ ክፍተት ይኖራል፤ ወለሉ ላይ በግድ አትድፈቁት።

2. ትንፋሽ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። ሁለት እጃችሁን የጎድን አጥንታችሁ ላይ አድርጉ። በአፍንጫ ስትስቡ ጣቶቻችሁ ወደ ጎን ሲራራቁ ይሰማችኋል። በአፍ ቀስ ብላችሁ ስታወጡ እምብርታችሁን ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርጉ። ጠባብ ሱሪ ስትቆልፉ ሆዳችሁን የምትሰበስቡትን ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ አታጥብቁ። አሥር ጊዜ ደጋግሙት። የመጀመሪያው ቀን በዚህ ብቻ ቢያልቅም ጥሩ ነው።

3. መቶው። ጉልበታችሁ እንደታጠፈ እግራችሁን አንሡ፤ ታፋችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ባታችሁ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን። ጭንቅላትና ትከሻችሁን ቀና አድርጋችሁ ወደ እምብርታችሁ ተመልከቱ። ክንዳችሁን ከጎናችሁ ዘርግታችሁ ውሃ በመዳፍ እንደምትመቱ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሱ። አምስት ምት አየር እየሳባችሁ፣ አምስት ምት እያወጣችሁ። አሥር ዙር ሲሞላ መቶ ይሆናል፤ ስሙም ከዚያ መጣ።

እዚህ ላይ ሆዳችሁን እዩት። መሃሉ እንደ ጉብታ ወደ ላይ ከተነሣ ጥልቁ ጡንቻ ሥራውን ለቅቋል ማለት ነው። እግራችሁን መሬት አውርዱና ቀጥሉ። አንገት ከደከመ ጭንቅላትን ማስተኛት ይቻላል። ከተበላሸ መቶ ይልቅ የተስተካከለ ሠላሳ ይሻላል።

4. ድልድይ። እግራችሁን ወለሉ ላይ መልሱ። አየር እያወጣችሁ መጀመሪያ መቀመጫችሁን፣ ቀጥሎ ወገባችሁን፣ ከዚያ መሃል ጀርባችሁን ከምንጣፉ ላይ አላቁ። ስትወርዱ ከላይ ጀምራችሁ፣ አከርካሪያችሁን አጥንት በአጥንት እያስተኛችሁ። ስድስት ጊዜ።

5. እጅና እግር። በእጅና በጉልበት ተንበርከኩ። ቀኝ እጅና ግራ እግር አንድ ላይ ይዘርጉ፣ ከዚያ ቀይሩ። ወገባችሁ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ እንዳለ አስቡ። በየጎኑ ስድስት ጊዜ።

በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሥሩ። ሆድና ታፋ ሞቅ ብሎ ቢንቀጠቀጥ አትደንግጡ፤ ጡንቻው እየሠራ ነው። ወገብ ወይም አንገት ላይ ውጋት ከተሰማችሁ ግን ያን ቀን አቁሙ፣ በሚቀጥለው ከትንፋሹ ጀምሩ።