ለሪሰርች ስራና ለስኮላርሺፕ ስታመለክቱ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ወደ ምርምር ላባችን (ቤተ ሙከራችን) የሚገቡትን የአመልካች ኢሜይሎች መጀመሪያ የማነባቸው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ደግሞ ያው የለመድኩት መጣ። «ውድ ፕሮፌሰር» ይላል። ተቀባዮቹን ቆጠርኳቸው፣ 60 ናቸው። ሁሉም እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። «በምርምርዎ እጅግ ተማርኬያለሁ» ይላል ልጁ። በየትኛው? ከስልሳዎቹ አንዱ ኮንክሪት ያጠናል፣ አንዷ ባክቴሪያ፣ እኛ ባትሪ እንሰራለን። አለቃዬ እስከ ሁለተኛው መስመር እንኳ አልደረሰም። የሚያናድደው ደግሞ የልጁ ሲቪ ጥሩ ነበር!

ስልሳውን ተዉትና አምስት ሰው ምረጡ። የእያንዳንዱን አንድ የቅርብ ጽሑፍ ከአብስትራክቱ (መግቢያው ላይ ካለችው አጭር ማጠቃለያ) አልፋችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ያልገባችሁን ወይም መቀጠል የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጻፉ። አስር መስመር ይበቃል። «ፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) እችላለሁ» ሁሉም ይላል፤ በፓይተን ምን ሰራችሁበት? እሱን ንገሩን። ከዘጓችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፣ ከዚያ እለፉ።

እኔም ንጹህ አይደለሁም። አንዴ አሳምሬ የጻፍኩት ኢሜይል መጨረሻ ላይ የሌላ ላብ ስም ረስቼ ላክሁ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «እዚያ መልካም ዕድል»።

ሌላው፣ ስራን ከስኮላርሺፕ ጋር ማምታታት። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ኔዘርላንድስና ጀርመን ውስጥ ፒኤችዲ በአብዛኛው ቅጥር ነው፤ ውል አለው፣ ደሞዝ አለው፣ ግብር ይቆረጥበታል። ማስታወቂያው መስፈርት ከዘረዘረ ደብዳቤያችሁ ለእያንዳንዱ መስፈርት መልስ ይስጥ። አንጀት የሚበላ የሕይወት ታሪክ እዚህ አይሰራም። አሜሪካ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚቀበላችሁ የዲፓርትመንቱ ኮሚቴ ነው፣ ገንዘቡም በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ይመጣል፤ ስለዚህ ፕሮፌሰሩ ስለወደዳችሁ ብቻ ማመልከቻውን እንዳትተዉት። የብዙዎቹ ዴድላይን ታኅሣሥ አካባቢ ነው።

መስፈርቱን እስከ ታች አንብቡ። የማሪ ስክሎዶቭስካ ኪዩሪ (የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ድጋፍ ፕሮግራም ነው) የዶክትሬት ቦታዎች ላይ ከመቀጠራችሁ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በሚቀጥራችሁ ተቋም አገር ከ12 ወር በላይ ኖራችሁ ወይም ሰርታችሁ ከሆነ አትችሉም። ዜግነታችሁን አይደለም የሚያየው፣ የነበራችሁበትን ቦታ ነው። አንድ ጓደኛዬ ማስተርሱን በጨረሰበት አገር አመልክቶ፣ ኢንተርቪው ሁሉ አልፎ፣ እዚህች መስመር ላይ ወደቀ። ወር ሙሉ ሲዘጋጅ አጠገቡ ነበርኩ፤ ለካ ሁለታችንም አላነበብናትም።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን ሰው ሁለት ቀን ሲቀረው አትጠይቁት።

«ዴድላይን 17:00» ሲል የየት አገር ሰዓት እንደሆነ እዩ። የአውሮፓ ኅብረት ጥሪዎች በብራስልስ ሰዓት ነው የሚዘጉት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ ይቅርልኝ ብሎ መጠየቅም ይቻላል። «ስኮላርሺፑን አሸንፈሃል፣ ለማስለቀቂያ ይህን ክፈል» የሚላችሁ ግን ሌባ ነው።

ሞቲቬሽን ሌተራችሁ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወድ ነበር» ብሎ ከጀመረ ያንን አንቀጽ ሰርዙት። ፋይሉንም በስማችሁ ሰይሙት እንጂ «ሲቪ የመጨረሻ የመጨረሻ 3» ብላችሁ አትላኩልን፣ እንዲህ የሚል አራት ፋይል አሁን ኮምፒውተሬ ላይ አለ፣ የማን እንደሆነ ለማወቅ እየከፈትኩ ነው።