ኮዱ የሴንሰር ስም ስለጠራ ብቻ ሴንሰር አትቀይሩ

የኤክስካቫተሩ ሞኒተር ላይ የብልሽት ኮድ 100-3 ብቅ ይላል። መካኒኩ ኮዱን አይቶ «የዘይት ፕሬዠር ሴንሰሩ ሞቷል» ይላል፣ ከአዲስ አበባ አዲስ ሴንሰር ይታዘዛል፣ ማሽኑ ሳይት ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሴንሰሩ መጥቶ ይገጠማል፣ ቁልፉ ይከፈታል፤ ያው 100-3።

በከባድ ማሽን ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ከዚህ የበለጠ ጊዜና ገንዘብ የሚበላ ስህተት የለም፤ የሚያበሳጨውም በደቂቃዎች ፍተሻ የሚቀር ስለሆነ ነው። ኮዱ የሚናገረው ስለ ሰርኪዩቱ ነው፤ ሴንሰሩ፣ ሽቦዎቹ፣ ኮኔክተሮቹና ኢሲኤሙ (የሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) ሁሉም የሰርኪዩቱ አካል ናቸው። የፊተኛው ቁጥር የትኛው ሰርኪዩት እንደሆነ ይነግራችኋል፤ 100 የሞተር ዘይት ግፊት፣ 110 የራዲያተር ውኃ ሙቀት ነው። የኋለኛው፣ ኤፍኤምአይ የሚባለው፣ የብልሽቱን ዓይነት ይናገራል፤ 3 ማለት ቮልቴጁ ከሚገባው በላይ ሆኗል፣ 4 ማለት ከሚገባው በታች ወርዷል፣ 2 ማለት ንባቡ ይዘላል ወይም እርስ በርሱ አይስማማም።

በካተርፒላር ማሽኖች ላይ ባለ ሦስት ሽቦ የግፊት ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ፒን ኤ 5 ቮልት፣ ፒን ቢ ግራውንድ፣ ፒን ሲ ሲግናል ነው፤ ከመጀመራችሁ በፊት ግን በማሽኑ ስኬማቲክ (የሽቦ ንድፍ) አረጋግጡ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና ኮዱ አሁን ያለ እንጂ ያለፈ አለመሆኑን እዩ። ሴንሰሩን ንቀሉ። በሽቦው በኩል ባለው ኮኔክተር በኤ እና በቢ መካከል ለኩ፤ ከ4.8 እስከ 5.2 ቮልት ማግኘት አለባችሁ። ያ ደህና ከሆነ ኮዱን ተመልከቱ። ኮዱ 4 ከነበረና ሴንሰሩ ሲነቀል ወደ 3 ከተቀየረ ሽቦውም ኢሲኤሙም ጤነኛ ናቸው፤ ሾርት ያደረገው ሴንሰሩ ነው። ሴንሰሩ ተነቅሎም 4 ላይ ከቀረ የሲግናሉ ሽቦ የሆነ ቦታ ግራውንድ ነክቷል።

ኮዱ 3 ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩ እንደተነቀለ በሽቦው በኩል ባለው ኮኔክተር ፒን ሲን ከፒን ቢ ጋር በጃምፐር (አጭር ማገናኛ ሽቦ) አገናኙ። ወደ 4 ከተቀየረ ሲግናሉም ግራውንዱም እስከ ኢሲኤሙ ድረስ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ሴንሰሩ ወይም የኮኔክተሩ ፒን ላይ ነው። ጃምፐሩን ከሲ ወደ ሻሲ የሚያገናኙ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ የግራውንዱን ሽቦ ሳይፈትሽ ያልፋል። ከሻሲ ጋር ሲገናኝ ኮዱ ተቀይሮ ከቢ ጋር ሲገናኝ ካልተቀየረ የተቆረጠው የግራውንዱ ሽቦ ነው፤ አሥር ሴንሰር ብትቀይሩ አይድንም። ጃምፐሩ 5 ቮልቱን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ሁሉም አምራች ደግሞ አንድ ዓይነት አይሠራም፤ አንዳንዱ ኢሲኤም ሴንሰሩ ሲነቀል 3 ሳይሆን 4 ይሰጣል፤ ስለዚህ የዚያን ማሽን ማኑዋል ተከተሉ።

ሦስት አራት የሴንሰር ኮድ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ሦስት አራት ሴንሰር አንድ ላይ አልተበላሸም። ብዙ ሴንሰሮች አንድ የ5 ቮልት መስመር ይጋራሉ፤ አንዱ ሾርት ሲያደርግ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። በካተርፒላር ላይ የ5 ቮልቱ መስመር ኮድ 262 አብሮ ካለ ከእሱ ጀምሩ። መስመሩን የሚጋሩትን ሴንሰሮች አንድ በአንድ ንቀሉ፤ 5 ቮልቱ የተመለሰበት ቅጽበት የነቀላችሁት ነው ጥፋተኛው። ሁሉም ተነቅለው ካልተመለሰ የሽቦ ጥቅሉን በክላምፕና በሃይድሮሊክ ቱቦ የሚታሸበት ቦታ ሁሉ ፈልጉ። የባትሪ ቮልቴጅ ኮድ 168 ካለም ቅድሚያ ለባትሪውና ለአልተርኔተሩ ስጡ።

100-1 የሽቦ ችግር አይደለም። ኤፍኤምአይ 1 ሲመጣ ኢሲኤሙ ሰርኪዩቱን አምኖ «ግፊቱ በእውነት ወርዷል» እያለ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ የዘይቱን መጠን እዩ፣ በሴንሰሩ ቦታ ሜካኒካል ጌጅ ግጠሙና ለኩ። አላርሙ ዝም እንዲል ሴንሰሩን ነቅሎ ማሽኑን ወደ ሥራ መመለስ ሞተር መግደል ነው።

ሽቦ በመርፌ አትብሱ። የተበሳው ቦታ በክረምት ውኃ ያስገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከወራት በኋላ ማንም ምክንያቱን የማያገኘው ኮድ ይመጣል። የተስተር ጫፍ ኮኔክተር ውስጥ በግድ መክተትም የሴቴውን ፒን ያሰፋል፤ መጠኑ ትክክል የሆነ ተጓዳኝ ፒን ያለው መለኪያ ሽቦ አዘጋጁ። እያንዳንዱን ሽቦ ከኮኔክተሩ ጀርባ 45 ኒውተን ያህል፣ ማለትም አራት ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ሳቡት፤ ተንቀሳቅሶ የሚወጣ ካለ ብልሽቱን አገኛችሁት። የማይሠሩ ቀዳዳዎች መድፈኛቸው ይኑር፤ ኮኔክተር ውስጥ ግራሶ አይገባም። ማሽኑ ሲታጠብ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ ኮኔክተር ላይ አታስመቱ።

በኦም መለካት ያታልላል። ቁልፉ ተከፍቶ ከለካችሁ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ቁልፉ ተዘግቶም ቢሆን ተስተሩ የሚልከው ጅረት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ዝገት የበላው ሽቦ ደህና ሊመስል ይችላል። የተጠረጠረውን የ5 ቮልት ወይም የግራውንድ ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ ባለ 24 ቮልት ትንሽ የዳሽቦርድ አምፖል አብሩበት፤ አምፖሉ ከደበዘዘ ሽቦው ታሟል። ኢሲኤሙ ተሰክቶ እያለ ግን ይህን እንዳታደርጉ።

ኦም የሚያምርበት ቦታ የካን መስመር፣ ማለትም የማሽኑ ኮምፒውተሮች መረጃ የሚለዋወጡበት ሁለት ሽቦ ነው። ኃይል ተቋርጦ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 60 ኦም ገደማ ይነበባል። 120 ከሆነ በመስመሩ ጫፎች ካሉት ሁለት ተርሚኔተሮች (ባለ 120 ኦም ሬዚስተሮች) አንዱ የለም ወይም መስመሩ ተቆርጧል፤ 40 ከሆነ አንድ ሰው ሦስተኛ ጨምሯል።

ከብየዳ በፊት ባትሪውን አላቁ፣ የኢሲኤሙን ኮኔክተሮች ንቀሉ፣ የብየዳውን ግራውንድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ያዙ።

የሚመጣና የሚሄድ ኮድ ቆሞ በሚለካ ማሽን አይገኝም። ሞተሩ ይሙቅ፣ የሴንሰሩን ንባብ ስክሪን ላይ ክፈቱና አንድ ሰው የሽቦ ጥቅሉን ከሴንሰሩ እስከ ኢሲኤሙ ስንዝር በስንዝር እያንቀሳቀሰ ይሂድ፤ ንባቡ የዘለለበት ቦታ ላይ ቁሙ። ኮዱን ከማጥፋታችሁ በፊት ቁጥሩን፣ ስንት ጊዜ እንደመጣና የማሽኑ የሥራ ሰዓት ቆጣሪ ስንት ላይ ሳለ እንደታየ ጻፉ፤ ከጠፋ በኋላ ያንን መረጃ ማሽኑ አይመልስላችሁም።