የሯጮች ፍቅር፦ ልብ ወለድ ስንጽፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሳይታተሙ እንዳነብላቸው ወዳጆቼ በሚሰጡኝ የፍቅር ልብ ወለድ ረቂቆች ውስጥ ሯጮች በዝተዋል። ደስ ይለኛል። እንጦጦ፣ ሰንዳፋ፣ በቆጂ የኛው ታሪክ ነው፤ እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል? ግን ጥሩ ጥሩ ታሪኮችን የሚያበላሹ ስህተቶች እየተደጋገሙ አያለሁ።

ትልቁ ስህተት ቁስልን በሜዳሊያ ማዳን ነው። ልጅቷን በልጅነቷ አባቷ ጥሏት ሄዷል። ሰው ማመን ያቅታታል። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ልጁን ስታርቀው ትቆያለች። ከዚያ የመጨረሻው ዙር ደወል ይደወላል፣ ሁሉንም ትቀድማለች፣ ባንዲራ ትለብሳለች፣ ሮጣ እቅፉ ውስጥ ትገባለች። አለቀ። ምን ተቀየረ? እግሯ ፈጠነ እንጂ ልቧ ያው ነው።

ቀነኒሳ በቀለን አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ላይ፣ እሷም ሯጭ የነበረችው የ18 ዓመት እጮኛው አብራው ልምምድ ስትሠራ ወድቃ ሕይወቷ አለፈ። ሦስት ወር ሳይሞላ ፈረንሳይ ሴንት ኤቲየን ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። ዜናው እዚህ ላይ ያበቃል። ልብ ወለድ ግን ገና እዚህ ይጀምራል። ሁለት ወርቅ ይዞ የተመለሰ ሰው ማታ የክፍሉን በር ሲዘጋ ምን ይጠብቀዋል? ልምምድ ሲባል እንደገና ወደ ጫካ እንዴት ይገባል? የሰውየውን ሐዘን ውሰዱ አላልኩም፤ የራሱ ነው። ጥያቄውን ግን ለራሳችሁ ገጸ ባሕርይ አቅርቡለት።

ዕድገት የሚታየው ድሮ የማትችለውን ትንሽ ነገር ስታደርግ ነው። በምዕራፍ ሁለት ሕመሟን ደብቃ የሮጠች ልጅ፣ በምዕራፍ ሃያ ማጣሪያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሰልጣኟን "ዛሬ አሞኛል፣ አልሮጥም" ካለችው፣ አድጋለች።

ሁለተኛው ስህተት ሩጫውን እንደ ልብስ መደረብ ነው። ቱታውን አውልቃችሁ የባንክ ሠራተኛ ብታደርጓት ታሪኩ ያው ከሆነ፣ ችግር አለ። አንድ ረቂቅ ላይ ማራቶን ሊደርስ አንድ ሳምንት የቀራት ሯጭ ማታ 5 ሰዓት ቦሌ ላይ ወይን ትጠጣለች። ሯጭ በዚያ ሰዓት ተኝታለች! ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሰርቪስ ይጠብቃታል። ደራሲው ሰዓቱን ብቻ አይደለም የሳተው፤ ተዘጋጅቶ የቀረበ ግጭት እጁ ላይ ነበር። ልጁ ከሥራ የሚወጣው 12 ሰዓት ነው። እሷ 3 ሰዓት ሳይሞላ ትተኛለች። የቀራቸው ጊዜ ይኸው ነው፤ ከሱም ላይ ግማሹን የታክሲ ሰልፍ ይበላዋል። ፍቅር እዚያች ጠባብ ሰዓት ውስጥ እንዴት ይበቅላል? ይሄን ጻፉልን።

ሯጮች ጫካ ውስጥ ተከታትለው ነው የሚሮጡት፤ የኋላው የፊተኛውን እግር እያየ። ይሄን የምታውቅ አንዲት ወዳጄ የጻፈችው ትዕይንት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ልጅቷ ለወራት ከልጁ ኋላ ሮጣለች። ፊቱን በደንብ አታውቀውም፤ ተረከዙን ግን ታውቀዋለች። የግራ ጫማው ሶል በውስጥ በኩል ተበልቷል። አንድ ጠዋት የእግሩ አጣጣል ይቀየርባታል። ግራውን ይሳሳለታል። ሌላ ማንም ልብ አላለም። ሲጨርሱ ጠጋ ብላ፣ "ባትህን ነው?" አለችው። በቃ። ከዚህ የበለጠ "እወድሃለሁ" አንብቤ አላውቅም።

ብዙዎቻችን ግን እንዲህ ያለውን ትተን ገጸ ባሕርያቱን ንግግር እናስደርጋቸዋለን። "በልጅነቴ በደረሰብኝ መተው ምክንያት ራሴን ለመክፈት እፈራለሁ" ይላል ልጁ፣ ገና ላቡ ሳይደርቅ። ማን እንዲህ ያወራል? እኛ ስንወድ "በልተሃል?" ነው የምንለው። "ደረስሽ?" ነው። "ብርድ ሳይመታሽ ልበሺ እንጂ" ነው። ቋንቋችንም ራሱ ያግዛችኋል። የክለቡን ወጌሻ ወር ሙሉ "እርስዎ" ስትል የቆየች ልጅ አንድ ቀን "አንተ" ካመለጣት፣ ማብራሪያ አያስፈልግም። አንባቢው ደንግጧል።

ቀጥሎ ያለውን በእርጋታ መጻፍ ይከብደኛል። ቁጥጥርን ፍቅር ብሎ ማቅረብ። ስልኳን የሚበረብር፣ የሽልማት ገንዘቧን በራሱ ስም የሚያስገባ፣ "ለአንቺው ብዬ ነው" የሚል ባል ወይም አሰልጣኝ፣ መጨረሻ ላይ አበባ ይዞ ሲመጣ ይቅር ይባላል። እባካችሁ ይሄ ይቅር። ኡጋንዳዊቷ የማራቶን ሯጭ ርብቃ ቼፕቴጌ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ሮጣ ወር ሳይሞላት፣ ኬንያ ውስጥ የቀድሞ የፍቅር ጓደኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጠላት። ከቀናት በኋላ ሞተች። ይሄን ዜና የሰማች ሴት አንባቢ የቅናት ትዕይንት ላይ ልቧ በደስታ አይመታም። አሰልጣኝ ደግሞ ማን እንደሚሰለፍ የሚወስን ሰው ነው። እምቢ ሊሉት የማይችሉት ሰው ሲያፈቅር፣ ታሪኩ መጀመሪያ ስለዚያ እምቢታ መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነት ሰው ልብ ወለዱ ውስጥ ይኑር፤ ተራኪው ግን አያቆላምጠው። የልጅቷ ዕድገት የባንክ ደብተሯን መልሳ እጇ ስታስገባ ሊታይ ይችላል።

የጅማት ጉዳት በአንድ አንቀጽ አይድንም። ወራት ይፈጃል። ሯጭ መሮጥ ሲከለከል "እኔ ማን ነኝ?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣውም ያኔ ስለሆነ፣ አትዝለሉት።

ተፎካካሪዋንም ክፉ አታድርጓት። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ፣ ሁለተኛ ከወጣችው ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ሜዳውን የዞሩት።

መጨረሻውስ የግድ ወርቅ ነው? ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው ከ25 ዙር በኋላ በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። ዓይን ተርገብግቦ ሳያበቃ። የልጅቷን ሕይወት ትርጉም በሙሉ በዚያች ቅንጣት ላይ አትስቀሉት።

አሁን እጄ ላይ ያለው ረቂቅ ጀግናዋን አራተኛ ያወጣታል። ከዚህ በፊት ቤተሰቦቿ ጋ የምትደውለው ስታሸንፍ ብቻ ነበር። አሁን ጫማዋን ሳታወልቅ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጥና እናቷ ጋ ትደውላለች።

"እማ፣ አራተኛ ወጣሁ።"

እናትየው ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ፣ "በልተሻል?" ትላታለች።