ብሊች ከማድረጋችሁ በፊት፦ በ40 ቮልዩም የሚሠሩ ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ትንሽ ተናድጄ ነው። ብሊቹን (የፀጉር ማንጫውን) ቤቷ ራሷ ሞክራ የተበላሸባትንም፣ ሌላ ቦታ ከፍላ የተቃጠለችውንም ተቀብዬ አስተካክላለሁ። ስህተቱ ግን ሁሌም ያው ነው። ፀጉር ማጠብና መቀባት የምትችሉ ሰዎች ስለሆናችሁ ስለ ብሩሽ አያያዝ አላወራም። በቀጥታ ወደሚጎዳው እሄዳለሁ።

40ን አናት ላይ መቀባት

መጀመሪያ ቁጥሩን እንግባባ። ቁጥሩ ከብሊች ዱቄቱ ጋር የሚበጠበጠው ፈሳሽ፣ የዴቨሎፐሩ፣ ጥንካሬ ነው። 10 ቮልዩም ማለት 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። 20ው 6 ፐርሰንት፣ 30ው 9፣ 40ው 12 ፐርሰንት ነው። 20 ቮልዩም የተባለው አንድ ሊትሩ ሲፈርስ 20 ሊትር ኦክስጅን ስለሚወጣው ነው። የብሊች ዱቄቱ የፀጉሩን ቅርፊት ይከፍታል፤ ከፐርኦክሳይዱ ጋር ሆኖ ውስጥ ያለውን ጥቁር ቀለም ይሰብራል። ችግሩ፣ ቀለሙን ብቻ መርጦ አይነካም። ፀጉሩን አጥብቆ የያዘውን ፕሮቲንም አብሮ ይበላል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሁለቱም ይፈጥናሉ።

የእኛ ፀጉር ጥቁር ነው። ሲነጣ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ቢጫ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብርቱካናማው ላይ ሲደርስ ደንበኛዋ መስታወት አይታ ትደነግጣለች። "አልሠራም፣ በ40 ድገሚልኝ" ትላለች። አቦ ሠርቷል! ብርቱካናማው መንገዱ ላይ ያለ ነው። እዚያ አቁሞ በቶነር (ብርቱካናማውን በሚያደበዝዝ ቀለም) ማለስለስ ይቻላል። የበለጠ መንጣት ካለበት ደግሞ ፀጉሩ ሳምንታት አርፎ በ20 ይደገማል። ሰርጉ ቅዳሜ ስለሆነ ኬሚካሉ አይቸኩልም።

ዋናው ይህ ነው፦ ድብልቁ የራስ ቅል ቆዳ የሚነካ ከሆነ ከ20 በላይ አትውጡ። 30 ከቆዳ ርቆ፣ ጤነኛና ወፍራም ፀጉር ላይ፣ ልምድ ባለው እጅ ሊሠራ ይችላል። 40ን ከብሊች ዱቄት ጋር ቤት ውስጥ የምትቀላቅሉበት አንድም ምክንያት የለም።

በዚህ ላይ ሙቀት ሲጨመር ነው ጉድ የሚመጣው። ድብልቁ ራሱ ሲሠራ ይሞቃል። ፎይል ስትጠቀልሉበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ከዚያ ካስክ (ሙቅ አየር የሚነፋው የፀጉር ማድረቂያ ቆብ) ውስጥ ያስገቡታል! አንዲት ሙሽራ እንዲህ ተደርጋ መጥታልኛለች። ጓደኛዋ ናት የቀባቻት፣ በ40፣ ፎይል ጠቅልላ፣ ካስክ ሥር። አቃጠለኝ ስትል "እየሠራ ነው፣ ቻይው" ተባለች። በማግስቱ መሀል አናቷ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ለፀጉሯ የምሠራላት ነገር አልነበረም፤ ሐኪም ጋ ነው የላክኋት። ሰርጓን በሻሽ አሳለፈችው። እንዲህ ያለ ቃጠሎ ጠባሳ ከተወ እዚያ ቦታ ፀጉር ላይበቅል ይችላል።

ትንሽ መንዘር የተለመደ ነው። ማቃጠል ግን "እየሠራ ነው" ማለት አይደለም። ካቃጠለ ወዲያው ቀዝቀዝ ባለ ውሃ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ማጠብ ነው። ይሉኝታ አይዛችሁ፤ ደንበኛ ስትሆኑም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። ተቀብተው ፌስታል ያስራሉ፣ በላዩ ሻሽ ይጠመጥማሉ፣ ከዚያ ግቢ ወጥተው ቡና ይቆላሉ። በድሬ ፀሐይ! ካስክ ባይኖርም ካስክ ገብታችኋል ማለት ነው። ሐረር ወይና ደጋ አየር ላይ የለመደችውን ደቂቃ ድሬ ወርዳ የምትደግም ልጅም እዚሁ ስህተት ውስጥ ናት። በሙቀት ኬሚካሉ ይፈጥናል። ስለዚህ እዚህ በየ5 ደቂቃው ከፍቶ ማየት ነው፤ በእሽጉ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ሰዓትም አለማለፍ ነው።

ሂናን ቀለም አይደለም ብሎ መደበቅ

ይህ የእኛ አካባቢ ጣጣ ነው። ሐረርና ድሬ ሂና ያልነካው ፀጉር ማግኘት ከባድ ነው። እኔ "ፀጉርሽ ላይ ምን አለ?" ብዬ ስጠይቅ "ምንም" ይሉኛል። አንዷ ከጀጎል የመጣች ልጅ እንዲሁ "ወላሂ ምንም" አለችኝ። ጥፍሯ እስከ ጣቷ ግማሽ ቀይ ነው። "ይሄስ?" ስላት፣ "እሱማ ሂና ነው፣ ቀለም አይደለም እኮ!" ወደድኳት። ግን አልቀባኋትም።

ንጹህ የሂና ቅጠል ብቻ ከሆነ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ብርቱካናማው ግትር ይሆንና አልለቅም ይላል እንጂ አደጋ የለውም። የሚያስፈራው በፓኬት የሚሸጠው፣ በተለይ ጥቁር ሂና የሚባለው ነው። አንዳንዱ ውስጥ የብረታ ብረት ጨው አለበት። ይህ ጨውና ፐርኦክሳይድ ሲገናኙ ፀጉሩ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ሊጨስም ይችላል። ፀጉሩ እንደ ማስቲካ ይለጠጥና ይበጠሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከማጅራት በኩል፣ ከማይታይበት ቦታ፣ ጥቂት ፀጉር ቆርጣችሁ በፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ድብልቁ ላይ ጨምሩት። 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ሳህኑንም ከሥር ዳስሱት። ከጋለ፣ ከፈላ፣ መጥፎ ሽታ ካመጣ ወይም ፀጉሩ ስትስቡት ከተበጠሰ ነገሩ አበቃ። የጀጎሏ ልጅ ፀጉር ሳህኑን አግሎታል። አኮረፈችኝ። አሁን ያንን ጫፍ ቀስ በቀስ እየቆረጠች አዲሱን እያሳደገች ነው፤ ኩርፊያውም አልፏል።

ሪላክሰር (ከርዳዳ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል) የተቀባ ፀጉር ላይ ብሊች። ሁለቱም የሚያጠቁት ያንኑ ፕሮቲን ነው። አንዱን ምረጡ።

ሹሩባ በተፈታ ቀን መቀባት

ሹሩባው ጠብቆ የተሠራ ከነበረ የፀጉሩ ሥር ቆስሏል። ሲፈታ በጥፍር ሲታከክ ደግሞ ይጫጫራል። እዚያ ላይ ፐርኦክሳይድ ማፍሰስ ቁስል ላይ ማፍሰስ ነው። ቢያንስ ጥቂት ቀናት ይለፉ። ከመቀባት በፊት ባለው ቀንም ፀጉሩን አትታጠቡ፤ የራስ ቅሉ ወዝ በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል።

ከሥር መጀመር

ከሥሩ ያለው ፀጉር በራስ ሙቀት ምክንያት ቶሎ ይነጣል። መጀመሪያ ሥሩን ከቀባችሁ፣ ጫፉ ገና ቡናማ እንኳ ሳይሆን አናታችሁ ቢጫ ይሆናል። መሀሉንና ጫፉን አስቀድሙ፣ ሥሩን መጨረሻ ላይ።

ውሃ መኖሩን ሳያዩ መቀባት

ሰው ይስቃል ስለዚህ ሳወራ። ቀብታችሁ፣ ደቂቃው ደርሶ፣ ቧንቧውን ስትከፍቱ "ሽሽሽ" ሲል ታዩታላችሁ። ብሊች ካላጠባችሁት መሥራቱን አያቆምም፤ ከላይ መጥረግ አይበቃውም። ዱቄቱን ከመበጥበጣችሁ በፊት ሙሉ ጀሪካን አጠገባችሁ ይቀመጥ።

በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ

ይህንን ሳይ ደሜ ይፈላል። ፐርኦክሳይዱን ከትልቁ ጀሪካን ወደ ሃይላንድ ይገለብጡታል። ያው የውሃ ጠርሙስ፣ ፈሳሹም ውሃ የሚመስል ሲሆን! ድሬ ላይ የጠማው ልጅ ጠርሙስ ሲያይ አይጠይቅም። የጠጣ ሰው ካለ አፉን አጉመጥምጡት፣ በግድ አታስመልሱት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ሌላም አለ። ፐርኦክሳይድ በሙቀትና በብርሃን ይፈርሳል፣ ጋዝ ያወጣል። በደንብ በተከደነ ሃይላንድ ውስጥ ጠርሙሱ ይነፋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የተበጠበጠ ድብልቅማ ጭራሽ ተከድኖ አይቀመጥም፤ የተረፈውን በብዙ ውሃ ድፉት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ዴቨሎፐር ደግሞ ይደክማል። ያን ጊዜ ሰው "ይሄ 20 አይሠራም" ብሎ 40 ይገዛል። 20ው የደከመው በቦታው ነው። በራሱ ጠርሙስ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ፣ ልጅ የማይደርስበት ላይ አስቀምጡት።

በኪሎ ከሚሸጥበት ኬሚካል ቤት 30 ወይም 35 ፐርሰንት ፐርኦክሳይድ ገዝቶ "በውሃ አቅጥነዋለሁ" የሚልም አለ። ያ ለፀጉር አይደለም፤ ቆዳ ላይ ከነካ ወዲያው ያነጣና ያቃጥላል።

በረኪና። ልብስ ማንጫ ነው። ፀጉር ላይ አይደረግም፣ ከፐርኦክሳይድ ጋር አይቀላቀልም፣ የብሊቹ ሳህን በደንብ ሳይታጠብ በበረኪና አይነከርም። አሞኒያ ካለበት ቀለም ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የብረት ሳህንና ማንኪያ። አይሆንም። ብረት ፐርኦክሳይዱን ያፈርሰዋል። ፕላስቲክ።

ጓንት ያለማድረግ፣ በር ዘግቶ መሥራት

ለሳሎን ልጆች ነው ይህ። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ፐርሰልፌት የፀጉር ሠራተኞችን አስም ያስይዛል። ዱቄቱን ከላይ አታራግፉት፣ በማንኪያ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። መብራት ሄዶ ቬንትሌተር ከቆመ በሩን ክፈቱት፤ ደንበኛዋ ከመንገድ ትታያለች ብላችሁ አትዝጉት። መጋረጃ ይበቃታል።

ዓይን ውስጥ ሲገባ መሮጥ

ዓይን ውስጥ ከገባ ሰው ቶሎ ባጃጅ ይጠራል። ድል ጮራ ሆስፒታል መሄዳችሁ አይቀርም፣ ግን መጀመሪያ ውሃ። ሌንስ ካደረገች ይውጣ፣ ዓይኑን ከፍታችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳታቋርጡ ንጹህ ውሃ አፍስሱበት። ባጃጁ ውጭ ይጠብቅ።