ዲስኩን ከመነካካታችሁ በፊት ግልባጩን አውጡ

ጅማ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የሰርግ ወቅት ሲያልፍ ፎቶ ቤቶች እምቢ ያለ ሀርድ ዲስክ ይዘውልኝ ይመጣሉ። የሙሽሮቹ ቪዲዮ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ይመጣሉ። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ መጀመሪያ የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ፣ የፋይሉ ፍለጋ በኋላ። የታመመ ዲስክ በርቶ በቆየ ቁጥር ይብስበታል።

ጆሯችሁን አስጠጉና አዳምጡ። ጭራሽ ዝም ካለ ኬብሉንና የዩኤስቢ መሰኪያውን ቀይራችሁ ሞክሩ። ከውጭ የሚሰኩት ትንንሾቹ ኤክስተርናል ዲስኮች ኃይል የሚያገኙት ከዩኤስቢው ነው፤ ደካማ ኬብል ደህናውን ዲስክ የሞተ ያስመስለዋል። በደንብ እየዞረ ፋይል ብቻ አልከፍት ካለ ተስፋ አለው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ካለ ግን ወዲያው ንቀሉት። አብዛኛውን ጊዜ የማንበቢያው ራስ ተጎድቷል ማለት ነው። ይህ ራስ ፋይሉ ከተጻፈበት ክብ ሰሌዳ በላይ በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ይንሳፈፋል፤ ሰሌዳው ደግሞ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። ከነካው ፋይሉ ያለበትን ሽፋን ይፍቀዋል። እዚህ ላይ የቤቱ ሥራ ያበቃል። ክዳኑንም አትክፈቱ፤ አቧራ ይገባበታል። ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት የሚላችሁንም አትስሙ። በእኛ እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ዲስክ ሲወጣ ውሃ ያዝላል።

ዊንዶውስ ፎርማት ላድርገው ካለ እምቢ በሉ። ስህተቱን ላስተካክል ካለም እንደዚያው። ሁለቱም ዲስኩ ላይ ይጽፋሉ።

አሁን ወደ ግልባጩ። ከታመመው ዲስክ የሚበልጥ ባዶ ቦታ ያለው ሌላ ዲስክ ያስፈልጋል። 1 ቴራባይቱ ግማሹ ባዶ ቢሆንም ግልባጩ ሙሉውን 1 ቴራባይት ይይዛል። አዲሱ ዲስክ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው ዓይነት ከሆነ አይሆንም፤ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ሲስተምሬስኪው የሚባለውን ነፃ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሲስተም ነው) ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጫኑና ላፕቶፑን በእሱ አስነሱት። አዲሱን ዲስክ ብቻ ማውንት አድርጉ፣ ማለትም ሲስተሙ ከፍቶ እንዲጠቀምበት አድርጉ፤ የታመመውን አትንኩ።

ከዚያ ዲዲሬስኪው የሚባለው ፕሮግራም ይጀምር። ትዕዛዙ ላይ መጀመሪያ የታመመው ዲስክ፣ ቀጥሎ ግልባጩ የሚቀመጥበት ፋይል፣ መጨረሻ ላይ የማፕ ፋይሉ፣ ማለትም ሥራው የደረሰበት የሚመዘገብበት ፋይል፣ ይጻፋል። ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት የዲስኮቹን ሞዴልና መጠን ደግማችሁ እዩ። ቦታቸው ከተለዋወጠ የምትፈልጉት ፋይል ላይ ይጻፍበታል።

ይህን ፕሮግራም የምወደው በአሠራሩ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይወስዳል፤ ያስቸገረውን ዘሎ ያልፍና በኋላ ይመለስበታል። የደረሰበትን ሁሉ ማፕ ፋይሉ ላይ ይመዘግባል። ጅማ ውስጥ መብራት እኩለ ሌሊት ላይ እልም ይላል፤ ማፕ ፋይሉ ካለ ያንኑ ትዕዛዝ ስትደግሙት ካቆመበት ይቀጥላል። ግን ማፑን አዲሱ ዲስክ ላይ አስቀምጡት። ፍላሹ ባስነሳው ሲስተም ላይ ከተዋችሁት ላፕቶፑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባትሪው የማይዝ ላፕቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ተዋሱ። በነጎድጓድማ የክረምት ምሽት ባትጀምሩት ይሻላል።

ግልባጩ ካለቀ የታመመውን ነቅላችሁ አስቀምጡት። ቴስትዲስክ የሚባለው ፕሮግራም የጠፋ ክፍልፋይ (ፓርቲሽን፣ እንደ D: ያለ የዲስክ ክፍል) ይፈልጋል፤ ፎቶሬክ የሚባለው ደግሞ ፎቶና ቪዲዮውን አንድ በአንድ ያወጣል። ሁለቱንም ግልባጩ ላይ ብቻ አስኪዷቸው። ፎቶሬክ የፋይሎቹን ስም ስለማይመልስ እየከፈታችሁ መለየት አለባችሁ። ቪዲዮዎቹን እስከ መጨረሻው አጫውቷቸው፤ መጀመሪያው ደህና ሆኖ መሃል ላይ የሚቆም አለ። ይህን ሳታጣሩ አሮጌውን ዲስክ እንዳትጥሉት።